የጳጉሜን አሥራ ሁለት ድግስ

ተረት ተረት!

ጎታህን ክፈት!

ምነው፣ ድምፃችሁንም ቆጠባችሁ? እንደገና። ተረት ተረት!

ጎታህን ክፈት!

እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን፣ በሁለት ወንዝ መካከል ባለች አንዲት መንደር፣ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ሀብታም አልነበረም። ድኻም አልነበረም። ቆጣቢ ነበር። ሰው ግን ስስታም ይለው ነበር። እሱም ይህን ሲሰማ፦ «ስስታም ማለት የማይበላ ሰው ነው። እኔ የሰው ቤት ስሄድ እበላ የለም ወይ?» ይል ነበር።

ጓንጉል ጫማ ነበረው። ጠንካራ የበሬ ቆዳ ጫማ፣ ከአባቱ የወረሰው። አባቱም ከአባቱ የወረሰው። ወደ ገበያ ሲሄድ ጫማውን ከዱላው ጫፍ ላይ ያንጠለጥልና ዱላውን በትከሻው ያደርጋል። በባዶ እግሩ ወንዙን ይሻገራል፣ ዳገቱን ይወጣል። ገበያው አፋፍ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና እግሩን ያራግፋል። ከዚያም ጫማውን ያጠልቃል። ሰው ሁሉ አይቶ «ጓንጉል መጣ» ካለ በኋላ መልሶ ያወልቀዋል።

፦ «አያ ጓንጉል፣ ጫማ ለመንገድ አይደለም ወይ?» ይሉታል።

፦ «ጫማ ለሰው ዓይን ነው። መንገድ ዓይን የለውም» ይላቸዋል።

ገበያ ሲሄድ ስንቅ አይቋጥርም። ሽምብራ ሻጯ ዘንድ ይሄድና፦ «እስኪ ልቅመሰው፣ ይቆረጠማል?» ይላል። አንድ እፍኝ ይቀምሳል። «ትንሽ ይቀረዋል» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከሽምብራው ወደ ባቄላው፣ ከባቄላው ወደ ማሩ፣ ከማሩ ወደ ጠላው። ገበያው ሲበተን ጠግቦ፣ ምንም ሳይገዛ ቤቱ ይገባል። ሚስቱንም፦ «ዛሬ ገበያው ተወደደ» ይላታል።

ሚስቱ አንጓች ትባላለች። ብዙ አትናገርም ነበር። እሱም ብዙ እንድትናገር አይፈልግም። የተናገረ ይጠማዋል፤ የጠማው ይጠጣል። ሰው በመንገድ አግኝቶት «እንዴት ሰነበትህ? ከብቱ እንዴት ነው? እህሉ እንዴት ነው?» ሲለው፣ ለሁሉም አንድ ጊዜ «ይመስገን» ብሎ ያልፋል።

እሳት በቤቱ አይዳፈንም። ያደረ እሳት ማገዶ ይበላል ይላል። ጧት ጧት አንጓች ገል ይዛ ከጎረቤት ፍም ታመጣለች። ዛሬ ከዚህ ቤት፣ ነገ ከዚያ ቤት። ጨውም አይፈጭም። አሞሌውን በክር ያስርና ወጡ ውስጥ ነከር አድርጎ ያወጣዋል። ከዚያም ከምሰሶው ላይ ይሰቅለዋል። ውሻ የለውም። የጎረቤቱ የዘርፌ ውሻ ሲጮኽ፦ «ይኸው ለእኔም ጮኸልኝ» ይልና ተገላብጦ ይተኛል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለአንድ ነገር ነው። ለጎታው።

በቤቱ ጓዳ አንድ ትልቅ ጎታ ነበር። እህል የሞላው፣ ክዳኑ በጭቃ የተመረገ። ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ነው። ዓመት የሚበሉት ከማሳው ነው እንጂ ከጎታው አይደለም። ጓንጉል ጧት ሲነሳ ከመማተቡ በፊት የጎታውን ጭቃ ያያል። ጭቃው አልተሰነጠቀም? አልተሰነጠቀም። ከዚያ ይማተባል።

አንጓች አንዳንዴ፦ «አያ ጓንጉል፣ ክፉ ቀን መቼ ነው የሚመጣው?» ትለዋለች።

፦ «አይታወቅም።»

፦ «ሲመጣ በምን እናውቀዋለን?»

፦ «ዝም በይ። እህሉ ይሰማሻል።»

እሷም ገሏን ይዛ ፍም ልትጭር ትወጣለች።

በዚያን ጊዜ የመንደሩ ሰዎች የሚካኤልን ማኅበር ሊያቆሙ ተነጋገሩ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ባለተራው ይደግሳል። ሌላው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል። ማኅበሩ የሸክላ ጽዋ አለው። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከደገሰው ቤት ወደ ባለተራው ቤት ይሄዳል። ሕጉ አንድ ነው፦ ጽዋው የገባበት ቤት ሳይደግስ ጽዋው አይወጣም።

ሰዎቹም ተሰብስበው ወር ተካፈሉ። አንዱ መስከረምን ወሰደ፣ አንዱ ጥቅምትን። ዘርፌ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ነሐሴን ወሰደች። አሥራ ሁለቱ ወር በአሥራ ሁለት ሰው ተያዘና አለቀ። ጓንጉል ብቻ ቀረ። ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የሚሉት፣ አያ ደምለው የተባለ ሽማግሌ ነው። አዘነለት።

፦ «ጓንጉል ወንድሜ፣ ወሩ አለቀብህ። ከአንዱ ጋር ተዳብለህ ብትደግስ ምን ይመስልሃል?»

፦ «ኧረ እኔ ሰው አላስቸግርም፣ አያ ደምለው። የተረፈውን ይስጡኝ።»

፦ «ምን ተረፈ ብለህ ነው?»

፦ «ጳጉሜን አለች። ትንሽ ናት። ማንም አልፈለጋትም። እኔም ትንሽ ሰው ነኝ፤ ትንሿን እወስዳለሁ።»

የሰው ሁሉ ልብ ተነካ። «አይ ትሕትና!» አለ አንዱ። አንዲት ሴት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ቄሱ አባ ገብረ ኪሮስም ተነሥተው መስቀላቸውን አወጡና፦ «ጳጉሜንን ለጓንጉል ያጽናለት» ብለው መረቁ። ሁሉም «አሜን» አለ። አሜን ከተባለ ደግሞ ተባለ ነው። አይመለስም።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው ዘርፌ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ የቆመችው።

፦ «ቆዩ እስኪ። ጳጉሜን አሥራ ሁለት አላት እንዴ?»

ሁሉም ቆመ። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት። በዘመነ ሉቃስ ስድስት ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ መስከረም ነው። ዞር ብለው ጓንጉልን ፈለጉት። ጓንጉል ጫማውን በብብቱ ይዞ፣ ርቆ ሄዶ፣ ከጉብታው ወዲያ አንገቱ ብቻ ይታያል።

፦ «አሜን ብለናል» አለ አያ ደምለው ቀስ ብሎ።

ከዚያም ዓመት ሄደ፣ ዓመት መጣ። ጓንጉል በየወሩ በአሥራ ሁለት ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ከዋዜማው ጀምሮ እህል አይቀምስም። ባለቤቱ በሚሰጠው ዋንጫ አይጠጣም፤ የራሱን ይዞ ይመጣል። የእሱ ዋንጫ ይሰፋል። በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ከሁሉ አስረዝሞ የሚመርቅ እሱ ነው። ምርቃት አያልቅም፤ ስለዚህ አይቆጥበውም።

ነሐሴ ያልፋል። ጽዋው ከዘርፌ ቤት ወጥቶ በጓንጉል ደጅ ያልፍና የመስከረም ባለተራ ቤት ይገባል። መስከረም አሥራ ሁለት ሲገናኙ ጓንጉል ራሱን እየነቀነቀ ይመጣል።

፦ «አያችሁ፣ ዘንድሮም ቀኑ ሳይመጣልኝ ቀረ። ምን ላድርግ? በልቤ ግን ደግሼ ነበር።»

፦ «የልብህ ጠላ እንዴት ነበር፣ ጓንጉል? ጉሽ ነው የጠራ?» ትለዋለች ዘርፌ።

፦ «ግሩም ነበር፣ እቴ። አንቺን አስታወስኩሽ።»

ሰው ይስቃል። አንጓች ግን አትስቅም። ከሴቶቹ ጋር ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ታጥባለች። የበላችውን በጉልበቷ የምትከፍል ይመስል፣ የታጠበውን ደግማ ታጥባለች።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በሐምሌ፣ ጓንጉል ወደ ገበያ ሲሄድ የግራር እሾህ እግሩን ወጋው። እሾሁ እስከ ሥሩ ገባ። ጓንጉል ተቀመጠ። መጀመሪያ ያየው እግሩን አይደለም። ከዱላው ጫፍ የተንጠለጠለውን ጫማ ነው።

፦ «ተመስገን! አጥልቄው ቢሆን ኖሮ ይበሳብኝ ነበር» አለ።

እግሩም አበጠ። ዱባ አከለ። ጓንጉል ከመደብ ላይ ተኛ። በዚያ ጊዜ ደግሞ የጤፍ አረም የሚታረምበት ነው። ዝናቡ አልቆመም። ሙጃው ጤፉን በለጠ። አንጓች ብቻዋን ከንጋት እስከ ማታ ብታርም፣ በዚህ በኩል ስትነቅል በዚያ በኩል ይበቅላል። ማታ ጭቃ ሆና ገባችና፦

፦ «አያ ጓንጉል፣ ጤፉ ሊያልቅልን ነው። ደቦ ካልጠራን ለዓመት የምንበላው የለም» አለችው።

ጓንጉል ወደ ጓዳው አየ። ጤፉ ከጠፋ ጎታው ይከፈታል።

፦ «ሂጂ፣ ለምኚ» አለ። «ለማኅበርተኛው ሁሉ ንገሪ። ብቻ ደቦ ሲባል ምሳና ጠላ ይፈልጋሉ። ስለ ምሳ ሲያነሱ አንቺ ስለ እግሬ አንሺ።»

አንጓች በማግሥቱ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ተመለሰችና ነጠላዋን አራግፋ ተቀመጠች።

፦ «እህ? ምን አሉ?»

፦ «እንመጣለን አሉ።»

፦ «ጎሽ! ሰው ማለት ይኼ ነው። መቼ አሉ?»

፦ «በጳጉሜን አሥራ ሁለት።»

ጓንጉል ከመደቡ ቀና አለ።

፦ «ሁሉም?»

፦ «ሁሉም። ዘርፌም፣ አያ ደምለውም። ተማክረው አልመሰለኝም። እንዲያው ካፋቸው ወጣ።»

፦ «ጳጉሜን አሥራ ሁለት የሚባል ቀን የለም!»

፦ «እኔም እንዲያ አልኳቸው። ‹ለጓንጉል አለው፤ እሱን ጠይቂ› አሉኝ።»

ጓንጉል ወደ ግድግዳው ዞረ። እግሩ ይጠዘጥዘዋል። ጤፉ ግን ከእግሩ ይበልጥ ያመዋል። ጎታው ደግሞ ከጤፉ ይበልጥ።

ከዚያም ነሐሴ አሥራ ሁለት ደረሰ። ማኅበሩ ዘርፌ ቤት ነው። ጓንጉል በዱላ እያነከሰ፣ ዋንጫውን ይዞ፣ አንጓችን አስከትሎ ሄደ። የፍልሰታ ጾም ነበርና ሽሮና ንፍሮ፣ ዳቦና ጠላ ቀረበ። ጓንጉል ግን እንደ ወትሮው አልበላም። ሰው ጠግቦ ጸጥ ሲል ተነሣ።

፦ «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ጤፌ በሙጃ ተዋጠ። እጃችሁን አትንፈጉኝ። ስለ ሚካኤል።»

አንዱ ጢሙን ያሻሻል። አንዱ ንፍሮ ይለቅማል። በመጨረሻ አያ ደምለው ጉሮሮውን ጠረገ።

፦ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጽዋው ይሂድ። የመስከረም ባለተራ ማነው? ይነሣና ይቀበል።»

ይኼን ጊዜ አንጓች ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። በሰው ፊት ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም።

፦ «አያ ደምለው፣ ይቅርታዎን። ከነሐሴ ቀጥላ የምትመጣው ማን ናት?»

፦ «ጳጉሜን ናት፣ ልጄ።»

፦ «ጳጉሜን የማን ናት?»

፦ «የባልሽ ናት። አባ ገብረ ኪሮስ መርቀውለታል።»

፦ «እንግዲያው ጽዋው በደጃችን ለምን ያልፋል? ተራው የእኛ ነው። ይስጡን።»

ዘርፌ ከወጥ ቤት እልል አለች። ሴቶቹም ተቀበሏት። ጓንጉል አፉ ተከፈተ። መጀመሪያ ሚስቱን በዱላ ሊላት ቃጣው። ከዚያ ግን አሰበ። ጓንጉል ሲያስብ ዓይኑን ይጨፍናል። «ጽዋ አይበላም፣ አይጠጣም» ብሎ አሰበ። «ከመደቤ ላይ ይቀመጣል። ጳጉሜን አሥራ ሁለት አይመጣም፤ ቀኑ ካልመጣ ሕጉም አይይዘኝ። መስከረም ሲጠባ ለባለተራው አስረክባለሁ። እነሱ ደግሞ ጽዋ በእጄ እያለ ደቦ ቢከለክሉኝ ነውር ነው።» ዓይኑን ገለጠ።

፦ «እንዴታ!» አለ። «ጽዋዬን እቀበላለሁ! ስንት ዘመን ስመኘው!»

አያ ደምለው ጨርቁን አስተካክሎ ጽዋውን ሰጠው።

፦ «ጽዋ የያዘ ሰው ጤፉ አይጠፋም። ነገ ቡሄ ነው፤ ከነገ ወዲያ በጧት እንወጣለን። የታመመ ሰው ምሳ አናስቸግርም፤ ስንቃችንን ይዘን ነው» አለ።

ጓንጉል ደስታውን በምርቃት ሸፈነ። በመንገድም ለአንጓች፦ «አየሽ? በነፃ! ከነስንቃቸው! አንቺ እኮ ሳታውቂው ቆጣቢ ወጣሽ» አላት።

፦ «ካንተ ጋር ስንት ዓመት ኖርኩ» አለችው።

በቡሄ ማግሥት ማኅበርተኛው ሁሉ ማሳው ውስጥ ፈሰሰ። እያዜሙ ሙጃውን ይነቅላሉ። ጓንጉል ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፦ «ያቺን ረሳሃት! በስተቀኝህ ያለችውን!» ይላል። ምሳ ሲደርስ ስንቃቸውን ይፈታሉ። ጓንጉልም ያንዱን ይቀምሳል፤ «እስኪ ደግሞ የአንተ» ይላል። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ጓንጉል ጧት ወጥቶ ማታ ይገባ ነበር። ቤት የምትውለው አንጓች ናት።

ጤፉም ታረመ። አማረ። ነፋስ ሲነካው እንደ ሐር ይተኛል።

እግሩ ሲሻለው፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ጓንጉል በዘርፌ ደጅ ሲያልፍ የጌሾ ሽታ ሸተተው። እግሩ ሳይታዘዝ ገባ። ዘርፌ ጋኖች ደርድራለች።

፦ «ይኼ ሁሉ ጠላ ምንድን ነው፣ እቴ?»

፦ «የአንድ ሰው ነው። ለድግስ አደራ ብሎ ቤቴ ጠመቀው።»

፦ «እስኪ ልቅመሰው፣ ደርሷል?»

ቀመሰ። ደገመ። ሠለሰ።

፦ «ግሩም ነው! እህሉን አልሳሳለትም። ማነው ይኼ ሰው?»

፦ «ደግ ሰው ነው።»

፦ «ደግ ነው ትላለሽ? ሞኝ ነው እንጂ! ለሰው ሆድ ይኼን ያህል እህል የሚያፈስ! እኔ ብሆን…» አለና አንድ ዋንጫ ጨመረ። «ጤናውን ይስጠው። ከሞኝ ጠላ የሚጥም የለም።»

ዘርፌ ፊቷን አዙራ ጋን ከደነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያም ነሐሴ አለቀ። የጳጉሜን አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ የዘርፌ ውሻ ጮኸ። ጓንጉል «ለእኔም ጮኸልኝ» ብሎ ሊገላበጥ ሲል የበሩ እንጨት ተንኳኳ። ከፈተ። አያ ደምለው ቆሟል። ከኋላው አባ ገብረ ኪሮስ። ከኋላቸው ማኅበርተኛው ሁሉ፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንዳንዱም መኝታ አጎዛውን ጠቅልሎ ተሸክሞ።

፦ «እንዴት አደርክ፣ ጓንጉል? አሥራ ሁለት ገባ?» አለ አያ ደምለው።

፦ «የምን አሥራ ሁለት? ዛሬ አንድ ነው!»

፦ «ገና ነዋ። እንጠብቃለን።» ጫማውን አራግፎ ገባ።

፦ «አያ ደምለው፣ ኧረ በሚካኤል! ጳጉሜን አሥራ ሁለት አይመጣም እኮ!»

፦ «እንዴት አይመጣም? መርጠህ የወሰድከው አንተ አይደለህ? ጤነኛ ሰው የማይመጣ ቀን መርጦ ያስመርቃል? አንተ የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው። እኛ ያልተማርን ነን፤ ቁጭ ብለን እናያለን።»

፦ «ጽዋውም እዚህ ነው» አሉ አባ ገብረ ኪሮስ፣ መደቡ ላይ እየወጡ። «ጽዋው ባለበት ማኅበርተኛው አለ።»

ጓንጉል ወደ ጓዳ ሮጠ። የጎታውን ክዳን አየ። ጭቃው አልተሰነጠቀም። ተማተበ። ከዚያም እንዲያው ልቡ ስላልጣለው በእጁ መታ አደረገው። ጎታው ድም! አለ። እንደ ከበሮ። ደግሞ መታው። ድም! ዙሪያውን ዞረ። ከግርጌው፣ በግድግዳው በኩል፣ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቶ በጨርቅ ተወትፏል።

፦ «አንቺ! አንጓች! ጎታው!»

አንጓች መሶብ ተሸክማ ቆማለች። ዓይኗን አልሰበረችም።

፦ «ለክፉ ቀን አይደለም ወይ ያስቀመጥከው?»

፦ «ነው!»

፦ «አሥራ ሁለት ቤት ሰው ደጅህ ላይ ቆሟል። አንተ ባዶ እጅህን ልትቀበለው ነበር። ከዚህ የከፋ ቀን ከየት ይመጣልሃል?»

ጓንጉል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ምንም ሳያወጣ ከደነው። ቆጣቢ ነበራ።

ዘርፌም ጋኖቹን አስጭና መጣች። መጀመሪያ የቀዳችው ለባለቤቱ ነው፣ በራሱ ሰፊ ዋንጫ። ጓንጉል ቀመሰ። ጣዕሙን አወቀው።

፦ «ያ ሞኝ ሰው ተገኘ፣ አያ ጓንጉል» አለችው ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። «ጤናውን ይስጠው ብለኸው የለም?»

ያን ቀን ተበላ፣ ተጠጣ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጓንጉል በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና፦ «እንግዲህ ሳይመሽባችሁ» አለ። አያ ደምለው ግን አጎዛውን አነጠፈ።

፦ «የበዓል ቀን በማታ አይደል የሚገባ? ቤታችን ተኝተን ቢያልፈንስ?»

በሁለተኛው ቀን ጓንጉል፦ «ዛሬ ጾም ነው፤ ትንሽ ነው የሚበሉት» ብሎ ተጽናና። እነሱ ግን የጾም ምግብ ሆድ አይዝም ብለው እጥፍ በሉ። በሦስተኛው ሩፋኤል ነበር፤ ሰማዩ ተቀደደና የጠበል ዝናብ ወረደ። ሰው ወጥቶ ተጠመቀ፣ በረደው፣ ገብቶ እሳት ዳር ተቀመጠና እንደገና በላ። ጓንጉል አንድ በአንድ እየዞረ «ዛሬ ሦስት ነው! ነገ አራት ነው!» ይላል። እነሱም፦ «በርታ! እየደረሰ ነው» ይሉታል።

ሌላም ነገር ነበረ። እንግዳ እያለ እሳት አይጠፋም። በዚያች ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት አደረ። ጎረቤቶች ገል ይዘው ፍም ሊጭሩ ወደ እሷ መጡ። አንጓች በር ላይ ቆማ ፍም ታድላለች። ያን ጊዜ ፊቷን ያየ፣ ሌላ ሴት ናት ይላል። አሞሌውንም ከምሰሶው አውርዳ፣ ክሩን በጥሳ፣ ወቅጣ ወጥ ውስጥ ጨምራዋለች። ጓንጉል ወጡን ሲቀምስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከጣዕሙ ይሁን ከኀዘኑ እሱም አላወቀም።

አምስተኛው ቀን ማታ ጓንጉል እንደ ሙሽራ ደስ አለው። ቆመና እጁን ዘረጋ።

፦ «ወንድሞቼ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጳጉሜን አለቀች። አሥራ ሁለትም አልመጣ። ነገ መስከረም ነው፤ እንኳን አደረሳችሁ። መንገዱን ጨረቃ…»

፦ «ቆይማ፣ ጓንጉል» አሉ አባ ገብረ ኪሮስ። ጣታቸውን አንድ በአንድ ቆጠሩ። «ዘንድሮ ዘመኑ የማን ነው? ማቴዎስ አለፈ፣ ማርቆስ አለፈ… ሉቃስ ነው! በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት።»

፦ «ተመስገን!» አለ አያ ደምለው፣ ትራሱን እያስተካከለ። «አንድ ቀን ቀረበልህ።»

ጓንጉል ተቀመጠ።

በስድስተኛው ቀን ከጎታው የወጣው እህል ሁሉ ተበልቶ አለቀ። ማታ ሁሉም ተነሥቶ ጓንጉልን መረቀ። «እንደ ጓንጉል ያለ ደጋሽ አልታየም» አሉ። «አንዱን ቀን የሚደግስ ሞልቷል። ወሩን ሙሉ የደገሰ ግን እሱ ብቻ ነው።» እንግዳ ሲሸኝ ባለቤቱ እስከ ወንዙ ይሄዳል፤ ወጉ ነው። ጓንጉልም ዱላውን አነሣ። ከዚያ ቆም አለና ጫማውን ከዱላው ፈትቶ በእግሩ አጠለቀ። ከደጁ ጀምሮ፣ በጭቃው፣ በጠጠሩ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ከፊት ከፊታቸው እየሮጠ ሸኛቸው። እንዳይመለሱ ነው።

ጤፉ መልካም ፍሬ ሰጠ። አልተራበም። መስከረም አሥራ ሁለት ሲደርስ ግን ጓንጉል ከሁሉ ቀድሞ ተነሣና የአያ ደምለውን ጉልበት ያዘ።

፦ «አያ ደምለው፣ ተራዬን ይቀይሩልኝ። ኅዳርን ይስጡኝ።»

፦ «ኅዳር ትልቁ የሚካኤል በዓል ነው፣ ጓንጉል። ድግሱ ይከብድሃል።»

፦ «ይክበደኝ! ሰንጋም ልጣል! አንድ ቀን እኮ ነው!»

የኅዳር ባለተራ፦ «እኔ ተራዬን አልሰጥም» አለ። የጥርም እንቢ አለ፣ የሰኔም እንቢ አለ። አያ ደምለው የጓንጉልን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

፦ «አሜን ብለናል፣ ወንድሜ። ጳጉሜን ተስማምታናለች። ደግሞ አሥራ ሁለት አምና ባትመጣ፣ ዘንድሮ ትመጣ ይሆናል። እየመጣን እንጠብቃለን።»

እንደዚህ ሆነ። ጓንጉልም ዕድሜ ልኩን ጫማውን በዱላው ተሸክሞ፣ ገበያውን እየቀመሰ፣ «ይመስገን» ብቻ እያለ፣ ጎታውን ይሞላ ነበር። ጳጉሜን ስትመጣ ጎታው ይራገፋል። በዚያ አገር ሁሉ ደግነቱ ተወራ። እሱ ግን ሲያመሰግኑት «ዝም በሉ፣ እህሉ ይሰማችኋል» ይል ነበር አሉ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቆሎ ያለው ቆሎ፣ ዳቦ ያለው ዳቦ ያምጣ። ንፍሮም ቢሆን አልጠላም። ብቻ አንዳችሁም «በጳጉሜን አሥራ ሁለት» እንዳትሉኝ። አጎዛዬን ተሸክሜ እመጣለሁ።